የእንጦጦ ባሕር ዛፍና አፈሩ

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቈረቈር የእንጦጦ ጽድና ወይራ ተመናምኖ ነበር። በማገዶ ዕጦት ምክንያት ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ በማደጉ ከተማዪቱን አጸናት።

አሁን ስለ አፈሩ መድከም ሰው ሁሉ ዛፉን ብቻ ይከሳል፤ ይህ ፍርድ ሚዛን የጐደለው ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ከአፈር የወሰደውን ምግብ ከፊሉን በቅጠሉ መልሶ ይጥላል። የእንጦጦና የየካ ድኻ ሴቶች ግን የረገፈውን ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ጠርገው፥ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ ሲያወርዱ ኖረዋል። ስለዚህ ብስባሽ ያጣውን መሬት የክረምት ጐርፍ እየሸረሸረ ወሰደው። ሴቶቹንስ ማን ይወቅሳል? ቅጠሉን ካልሸጡ ልጆቻቸው ጦም ያድራሉ።

ዛሬ በተራራው ላይ ጽድና ኮሶ መልሰው የሚተክሉ ሰዎች አስቀድሞ የሚገጥማቸው ይኸው የተራቈተ አፈር ነው።