«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»፣ የመጀመሪያው ዕትም

ሳምንታዊ ጋዜጣ፤ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም፤ እንግሊዝ አገር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.

ቀኑን ልብ ይበሉ። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ወራሪ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ የገባው በዚሁ ዕለት ነው። ኢትዮጵያ በወራሪው እጅ በወደቀችባቸው ዓመታት ይህ ጋዜጣ በየሳምንቱ ይታተም ነበር።

አዘጋጇ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ የታሰረችው ጋዜጠኛና ሠዓሊ ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። የሕይወት አጋሯ ሲልቪዮ ኮርዮ፣ ጣሊያናዊው ስደተኛ ጋዜጠኛ፣ ከጎኗ ሆኖ በጋዜጣው ላይ ይጽፍ ነበር። የወራሪው አገር ልጅ ወረራውን በብዕሩ መታገሉ ሊታወስ ይገባዋል።

ጋዜጣው ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋና ስለ አርበኞች ተጋድሎ ጽፏል። ወገንተኛነቱን አልደበቀም፤ ስለዚህ ገጾቹ የጦርነቱን ዜና ብቻ ሳይሆን በአውሮፓ ለኢትዮጵያ የተደረገውን ሙግት ጭምር ያሳያሉ። ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ወረራውን ወደ መቀበል ሲያዘነብሉ ይህ ጋዜጣ በአቋሙ ጸና። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶችም በቅኝ አገዛዝ ሥር የነበሩ ጥቁር ሕዝቦች ያነቡት ነበር፤ የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሳቸው አድርገው ያዩ ነበርና።

ኅትመቱ ከነጻነት በኋላም እስከ 1948 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚያው ዓመት ሲልቪያ አዲስ አበባ መኖር ጀመረች። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐርፋ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።