በአዋሽ ገደል አፋፍ የቆሙት ካራቫኖች

ቤትን ከመኪና ኋላ አስሮ አገር ለአገር መዞር ለአሜሪካውያን የዕረፍት ጊዜ ልማድ ከሆነ ቆይቷል። ይህ ልማድ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ጉዞ ግን ዕረፍት የሚባል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 41 ተጎታች ቤቶችና ከ100 በላይ መንገደኞች ያሉበት ሰልፍ ካይሮ እደርሳለሁ ብሎ ከኬፕታውን ተነሣ። የሰልፉ መሪ ዋሊ ባያም ይባላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አየርስትሪም የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመ፣ እንደ አውሮፕላን አካል በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም የለበሱ፣ ድቡልቡል ተጎታች ቤቶችን ለገበያ ያቀረበ ሰው ነው። በ1951 ደንበኞቹን አስከትሎ ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲወርድ መንገዱ ብዙዎቹን መልሷቸው ነበር። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ የተነሣው ያንን አይቶ ነው።

ከኬንያ ሰሜናዊ በረሃ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚያስገባው መንገድ በዚያ ዘመን አስፋልት አያውቅም። ድንጋዩና ጭቃው ከጉዞው ሁሉ እጅግ አድካሚ ከነበሩት ክፍሎች አንዱ ሆነባቸው። አንድ ከባድ መኪና እንኳ የሚቸገርበትን ዳገት አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር የያዘ ቤት እየጎተቱ መውጣት ምን እንደሚጠይቅ ሹፌር የሆነ ሰው ያውቀዋል። ሆኖም አለፉት፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋርም ተገናኙ። በ1960 ካይሮ ገብተው ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተጎታች ቤቶቹን በክብ በክብ ደርድረው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታተማል።

የክቡን አሰፋፈር ስመለከት ግን አሳቤ ወደ ራሳችን ታሪክ ይሄዳል። ከጎንደር መቆርቆር በፊት በነበሩት ጥቂት ምዕተ ዓመታት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ከተማ ነው። በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚያን ሰፈር ሥርዓት በዝርዝር ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን መሐል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ችሎቱ፣ ገበያው፣ መኳንንቱ ሁሉ የታወቀ ስፍራ ነበራቸው፤ ሰፈሩ በተነቀለ ቁጥር አዲሱ ቦታ ላይ ያው ሥርዓት ይደገም ነበር። የሚሰፈርበትን የሚወስኑት ውሃ፣ ሣርና ማገዶ ነበሩ። የሰፈሩ ብዛት ለገበሬው ምን ያህል ሸክም እንደነበረም የታሪክ ጸሐፊዎች አልሸሸጉም፤ ሰፈሩ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ማገዶውና ቀለቡ ሲያልቅ ነበርና። በወንዝ ዳር የሚያርፍ መንገደኛ ሁሉ፣ ቤቱ ድንኳን ይሁን አሉሚኒየም፣ የሌላ ሰው ውሃና ግጦሽ ላይ ነው የሚያርፈው።

ይህ ጉዳይ ከየትም በላይ ጎልቶ የሚታየው አዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ጸደቀ። በፓርኩ ውስጥ፣ ወንዙ ወደ ጥልቁ ገደል ገብቶ በሚጓዝበት አፋፍ ላይ፣ ለእንግዳ ማደሪያነት ካራቫን የሚባሉ ተጎታች ቤቶች ተደረደሩ። ከረዩ ሎጅ ተባለ። ለመጓዝ የተሠራ ቤት ለዓመታት ከአንድ ገደል አፋፍ ሳይነቃነቅ ኖረ። በአዋሽ ሙቀት የብረት ቤት ቀን ላይ አያስቀምጥም፤ እያደርም ካራቫኖቹ አረጁ። ሆኖም ከበረንዳው ወደ ታች የሚታየውን የወንዙን መታጠፊያና ማዶ ያለውን ሜዳ ያየ እንግዳ እርጅናቸውን ይቅር ይል ነበር።

ድንኳን ይዞ የመጣ መንገደኛ ግን ከፏፏቴው አቅራቢያ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚሰፍረው። ቦታው እጅግ ያምራል። ግን ከሻንጣ ያልወጣ ምግብ እንኳ ጦጣና ዝንጀሮ ያሸታሉ። ውሃው ውስጥ አዞ አለ፣ ለዋናም አይገባበትም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣልና ድንኳንን በመውጫው መንገድ ላይ መትከል ሕይወትን ያስከፍላል። የጦር መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) አብሮ የሚያድረው ለዚህና ለመሳሰለው ነው።

ሎጁ የተሰየመበት ሕዝብስ? ከረዩዎች፣ ኢቱዎችና አፋሮች ከፓርኩ በፊት በዚህ ምድር ከብት የሚያረቡ ነበሩ። ክረምት ከወንዙ ርቀው ይቆያሉ፤ በጋ ኩሬው ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይወርዳሉ። ያ ዳርቻ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። በ1960 የቆቃ ግድብ ሲሠራ የወንዙ ፍሰት ለመስኖ ተመቸ። ወንጂ ላይ ስኳር ይሠራ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1960ዎቹ ወደ መተሐራ ዘለቀ፤ ከዚያው ጎን ፓርኩ ተከለለ። አገዳውም የዱር እንስሳ ጥበቃውም የፈለጉት ያንኑ ውሃ የሚደርስበትን መሬት ነበር። ወደ ታች፣ በአፋር፣ የጥጥ እርሻዎች ዳርቻውን በያዙበት ወቅት የ1972ና 1973 ድርቅ መጣ፤ ብዙ አርብቶ አደር ከከብቱ ጋር ያለቀው መሸሻው ስለተዘጋበት ጭምር ነው።

ፓርኩ አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። ሳላ በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ዛሬም የሚታየው አንድ ሰው ቦታውን ለእንስሳት መተው አለብን ስላለ ነው። የሚያሳዝነኝ፣ ሲከለል የተፈናቀሉት ሰዎች ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም መልስ አለማግኘቱ ነው። በአንድ በኩል አገዳው፣ በሌላ በኩል ፓርኩ አለ፤ በመካከሉ ደግሞ ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ እጥፍ ሰፍቶ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱንም ተፈታትኗል። ስለዚህ ዝናብ በቀረ ዓመት ሁሉ ከረዩዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ፓርኩ ይገባሉ፤ ስካውቶቹ ሊያስወጧቸው ይወርዳሉ፤ ከብቶቹ ግን ከአዋሽ በቀር የሚጠጡት የላቸውም።