ዲናር

«ዲናር» ከላቲኑ «ዴናሪየስ» የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ «አሥር አሥር» ማለት ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ይህን የብር ሳንቲም ሲያወጡ ምንዛሬው «አስ» የሚባሉ አሥር የነሐስ ሳንቲሞች ነበር። በኋላ ምንዛሬው 16 ሲደርስ እንኳ ስሙን አልቀየሩትም።

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ቃሉን አያጣውም፤ ስለ ግብር በተነሣው ክርክር ለኢየሱስ ያመጡለት ዲናር ነው። ብዙ ሊቃውንት የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ነው ይላሉ። ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በአንድ ፊቱ የቅጠል አክሊል የደፋው ንጉሥ በጎን ይታያል፤ ዙሪያውን የተጻፈው ደግሞ «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» ይለዋል። በጀርባው በትረ መንግሥትና የወይራ ዝንጣፊ የያዘች ሴት ተቀምጣለች፤ ጽሑፉም «ሊቀ ካህናት» ይላል። ይህ ሁሉ ስብከት አራት ግራም በማይሞላ ብር ላይ! ቀራጺው ምስሉን በብረት ማተሚያው ላይ ገልብጦ ይፈለፍል ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ በመዶሻ እየመታ ያትም ነበር። ምስሉ ወደ ዳር የሸሸባቸው ሳንቲሞች የበዙት ለዚህ ነው።

በሕይወት ያለ ሰው መልኩን በሮም ሳንቲም ላይ ማሳተም ነውር ነበር፤ ዩልየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ደፈረው፤ በዚያው ዓመትም ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ በ42 ባሳተመው ዲናር ላይ ሁለት ጩቤዎችና የነጻ ወጪ ባሪያ ቆብ አሉ። በሌላው ፊት የማን መልክ አለ? የራሱ የብሩተስ። ከዚህ የባሰ ግብዝነት በሳንቲም ላይ አላየሁም።

ቃሉ በዓረቦች ዘንድ የወርቅ ሳንቲም መጠሪያ ሆነ፤ ዛሬ የኩዌት፣ የባሕሬን፣ የጆርዳንና የሰርቢያ ገንዘብ በዚሁ ስም ይጠራል።