ያልታጠበ ፊልም እንደ ታሪክ ማስረጃ፤ በየካና በእንጦጦ ግርጌ

የየካንና የእንጦጦን ግርጌ ታሪክ የሚመረምር ሰው በጽሑፍ፥ በቃልና በፎቶግራፍ ይደገፋል። በቤተ ሰብ ካሜራ ተነሥቶ ሳይታጠብ የቀረ ፊልምም ከነዚህ ጋር ሊቈጠር ይገባዋል። ይህ ወገን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ለጋሲዮኖች ከሰፈሩበት ዘመን ጀምሮ አገሬውና የውጭ አገር ሰው ጎን ለጎን የኖሩበት ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን ምንጭ እዚህ መፈለግ ከንቱ ድካም አይሆንም።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ኮዳክሮም በተባለው ባለ ቀለም ፊልም ላይ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ይህን ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 በ16 ሚሊሜትር፥ በ1936 በ8 ሚሊሜትር አወጣው፤ በ1965 ሱፐር 8 ተከተለ። የኮዳክሮም ልዩ ጠባይ ቀለሙ በፊልሙ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሦስቱ ድርብርብ ሽፋኖች ብርሃንን ብቻ ይቀበላሉ፤ ቀለሙ የሚጨመርባቸው በሚታጠቡበት ጊዜ በየተራ ነው። ሥራው ረቂቅ ስለ ሆነ የሚችሉት ጥቂት ላቦራቶሪዎች ብቻ ነበሩ። ኩባንያው ማምረቱን በ2009 ተወ፤ በካንሳስ የነበረው የመጨረሻው አጣቢም በ2011 መጀመሪያ ሥራውን ፈጸመ።

ስለዚህ ዛሬ የሚቻለው ፊልሙን በጥቍርና ነጭ ማጠብ ነው። ዕድሜ ብቻውን ተስፋ አያስቈርጥም፤ በ1897 በፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዙት የአንድሬ ጓዶች ፊልም በ1930 ከበረዶ ውስጥ ተገኝቶ ሲታጠብ ሥዕሉ ወጥቶአል። ብርድ ይጠብቃል፤ ሙቀትና ርጥበት ግን ያደበዝዛሉ።

የቀለሙ መጥፋት ለባህል ተመራማሪ ቀላል ጉዳት አይደለም። የሚካኤል ታቦት ጥር 12 ቀን ወደ የካ ሲመለስ የሚያሳይ ፊልም ቢገኝ፥ የሰልፉ ሥርዐት፥ የካህናቱ አረማመድና የቤቶቹ ክዳን ይነበባሉ። ሌላው ፊልም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቢያሳይ፥ የሸክማቸው አስተሳሰር ይታያል። የጃንጥላው ኅብርና የነጠላው ጥለት ቀለም ግን አይመለሱም።

እንግዲህ ተመራማሪው ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። ፊልም የሚታጠበው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ አጭር ቍራጭ ይፈተን። የጠፋውን ቀለም በግምት መቀባት ማስረጃን ማርከስ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ይራቅ። ይልቅስ ሥዕሉን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አሳይቶ የሚያስታውሱትን ቀለም ከሥዕሉ አጠገብ ይጻፍ፤ ቃሉ ቃል፥ ሥዕሉም ሥዕል ሆኖ ይለይ። ሽማግሌውም ፊልሙም በየዓመቱ ይደክማሉና፥ መዘግየት ሁለቱንም ያሳጣል።