ክፍል ያልገባ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ይጫወት?

አንድ ልጅ አለ እንበል። ትምህርቱን ቤቱ ሆኖ ከእናቱ ጋር ይማራል። ሰፈሩ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ጠንካራ ቡድን አለው። ልጁ እዚያ አንድም ቀን ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ለቡድኑ ግን መጫወት ይፈልጋል። እናንተ ብትሆኑ ትፈቅዱለታላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሕግ አውጪዎችንና ፍርድ ቤቶችን ለብዙ ዓመታት አነታርኳል። ልጅን ቤት ማስተማር በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በሃምሳዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኖ ነበር። ሜዳው ግን አብሮ አልተከፈተም።

ፍሎሪዳ በ1996 በሕግ ከፈተችው። በዚህ በር ከገቡት ሁሉ ስሙ የገነነው ቲም ቲቦ ነው። ቲቦ የአሜሪካ ፉትቦል ሲጫወት ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ መሆን ይመኝ ነበር። መጀመሪያ የተጫወተበት የግል ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ ላይ ስላሰለፈው ከእናቱ ጋር ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው ካውንቲ አፓርትመንት ይዘው፣ ኒስ ለሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት መጫወት ጀመረ። ቡድኑ በ2005 የግዛቱን ዋንጫ በላ። በ2007 ደግሞ ቲቦ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት፣ ሃይስማንን፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ወሰደ፤ ከሱ በፊት በዚያ ደረጃ ያገኘው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየግዛቱ የሚቀርበው ተመሳሳይ ረቂቅ «የቲቦ ሕግ» ይባል ጀመር።

ታዲያ ተቃውሞው ምን ላይ ነው? አንዱ ገንዘብ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ አንዲት ቤት የምትማር ልጅ ጥቂት ትምህርቶችን ብቻ ትምህርት ቤት ገብታ ልማር ብላ ነበር። ትምህርት ቤቱ «ግዛቱ በትርፍ ጊዜ ለሚማር ተማሪ በጀት አይሰጠንም» ብሎ ከለከላት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1998 ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ወላጆች ግን «ግብር እየከፈልን!» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የውጤቱ ጉዳይ ነው፤ ምህንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ መለኪያ ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ቴክሳስ በ1984 «ካላለፍክ አትጫወትም» የሚል ሕግ አወጣች። በአንድ ትምህርት ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ለስድስት ሳምንት ከውድድር ይታገድ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ቀኑን ሙሉ ክፍል ሲማር የዋለው ልጅ በሒሳብ 68 አምጥቶ ዳር ሲቀመጥ፣ በእሱ ቦታ የሚገባው ልጅ ፈተናውን ያረመችለት እናቱ ናት። እናትየው ታዳላለች ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከአስተማሪ በላይ ጥብቅ ልትሆን ትችላለች። ችግሩ ሁለቱ ልጆች በአንድ ሚዛን አለመመዘናቸው ነው። የቨርጂኒያው ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ምክር ቤቱ ያሳለፈውን የቲቦ ሕግ ሦስቴ የሻሩት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ቴክሳስ በ2021 መሀል መንገድ አገኘች። ቤት የሚማር ልጅ በአገር ደረጃ በሚታወቅ ፈተና የክፍሉን ደረጃ ካሳየ መጫወት ይችላል ተባለ። ለእኔ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሚዛኑ ከወላጅም ከአሠልጣኝም እጅ ወጥቷል። ነገር ግን ሕጉ የመጨረሻውን ውሳኔ ለየትምህርት ወረዳው ተወው። በወረዳ ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ያንኑ ፈተና በእኩል ውጤት አልፈው፣ አንዱ ማሊያ ሊለብስ፣ ሌላው ከአጥር ውጭ ቆሞ ሊያየው ይችል ነበር።