የሁለት ዛፎች እንግዳ፦ የኦክ እባጭ ሠሪ ተርቦች ስርጭትና አስተናጋጅ ዛፎቻቸው

መግቢያ

በኦክ ዛፍ ቅጠል፣ እንቡጥ፣ አበባ፣ ፍሬና ሥር ላይ ከሚታዩት እባጮች አብዛኞቹ የአንድ የነፍሳት ነገድ ሥራ ናቸው። ሲኒፒኒ የተባለው ይህ ነገድ አንድ ሺህ ያህል የታወቁ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ቁመታቸው ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ሴቷ ተርብ እንቁላሏን ገና በማደግ ላይ ባለ የዛፉ ክፍል ውስጥ ትጥላለች። እጩ ሲፈለፈል ዛፉ ከገዛ አካሉ ቤትም ምግብም ይሠራለታል፤ የእባጩ ቅርጽም እንደ ተርቧ ዝርያ ይለያያል። ኦክ፣ ወይም ከዐረብኛ በመጣው ስሙ ባሉጥ፣ ለኢትዮጵያ ደጋ አገር በቀል ዛፍ አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኬብሮን የነበሩትን የመምሬን ኦኮች ለአንባቢው በሚቀርበው ስም «የአድባር ዛፍ» ይላቸዋል። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የበቀለ ኦክ ስለሌለ የዚህ ነገድ የአፍሪካ ድርሻም በሰሜኑ የሜድትራንያን ዳርቻ የተወሰነ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ተርቧ ያለችው ኦክ ባለበት ነው» ማለት ቀላል ነው። አባባሉ ከሰሃራ በታች ተርቦቹ በተፈጥሮ ያልኖሩበትን ምክንያት ያስረዳል፤ ኦክ በሞላባቸው አገሮች ውስጥ ግን አንዷ ዝርያ ተገኝታ ሌላዋ የጠፋችበትን ምክንያት አያስረዳም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የአንዲትን ተርብ ስርጭት የሚወስነው የኦክ መኖር በጥቅሉ ሳይሆን ሕይወቷ የሚሻው የኦክ ወገን መኖር ነው፤ ሁለት ወገን ለምትሻ ተርብ ደግሞ ሁለቱ ዛፎች ጎን ለጎን የሚገኙበት ስፍራ ነው።

አንድ ሕይወት በሁለት ትውልድ

የነገሩ ቁልፍ የትውልድ መፈራረቅ ነው። ብዙዎቹ የኦክ ተርቦች በየዓመቱ ሁለት የማይመሳሰሉ ትውልዶችን ያሳልፋሉ፤ አንደኛው ወንድና ሴት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ያለ ወንድ የሚራቡ ሴቶች ብቻ ያሉት ነው። የሁለቱ ትውልድ እባጮች በመልክም በቦታም ስለሚለያዩ ቀደምት ተመራማሪዎች ለአንዲት ዝርያ ሁለት ስም ሲሰጡ ኖረዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ኸርማን አድለር በ1881 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራ፣ የተለያዩ ይመስሉ የነበሩ ተርቦች እናትና ልጅ መሆናቸውን በማራባት ሙከራ አሳየ። ኋላ የቫይረስ ጥናት መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ደግሞ በ1890ዎቹ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ሄደ፤ የአንድሪከስ ኳርከስካሊሲስ ሁለት ትውልዶች በሁለት የተለያዩ የኦክ ዝርያዎች ላይ እንደሚኖሩ አረጋገጠ። የዚህች ተርብ ዓመታዊ ዑደት ለክርክራችን ዋና ምስክር ነው። በፀደይ መጀመሪያ የምትወጣው ሴት፣ ወንድ ሳያስፈልጋት፣ በቱርክ ኦክ የወንዴ አበባ እንቡጥ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። እዚያ ከሚያድጉት እጅግ ትንንሽ እባጮች በግንቦት አካባቢ ወንዶችና ሴቶች ይወጣሉ፤ ከተዳቀሉ በኋላ ሴቶቹ ወደ ተራው የአውሮፓ ኦክ፣ ወደ ኩዌርከስ ሮቡር፣ ሄደው በሴቴ አበባው ላይ ይጥላሉ። ፍሬ መሆን የነበረበት ክፍል ሸንተረር ያለው የተጨማደደ እባጭ ይሆንና በመከር መሬት ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ ዛፎች አንዱ ከጎደለ ዑደቱ ይቋረጣል።

ሰው የተከለው ድልድይ

ይህን ዑደት በካርታ ላይ ስናስቀምጠው ማስረጃው ጎልቶ ይታያል። ኩዌርከስ ሮቡር በተፈጥሮው ከአየርላንድ እስከ ኡራል ተራሮች ይደርሳል። ቱርክ ኦክ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኩዌርከስ ሴሪስ፣ ግን ተፈጥሯዊ አገሩ ከጣልያንና ከባልካን እስከ አናቶሊያ ያለው ደቡባዊ ቀጣና ነው። ተርቧ የምትሻው አንደኛው ዛፍ ሰሜኑን ሁሉ ሞልቶት ሳለ የጥንት መኖሪያዋ ሁለቱ ዛፎች በሚገናኙበት በደቡብ ምሥራቁ ክፍል ተወስኖ ቆይቷል። ቱርክ ኦክ ለጌጥና ለጥላ በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ ሲተከል ግን ነገሩ ተለወጠ። ወደ ብሪታንያ የገባው በ1735 ነው። ከዚያ ወዲህ በየመናፈሻውና በየርስቱ የቆሙት ዛፎች ለተርቧ እንደ ድልድይ ሆኑላት፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢም ብሪታንያ ደረሰች። ግራሃም ስቶንና ፖል ሳነክስ በ1993 ያወጡት የዘረመል ጥናት ይህን ጉዞ ከተርቧ አካል ውስጥ አንብቦታል፦ ከጥንት መኖሪያዋ ወደ ምዕራብ በተራቀ ቁጥር የሕዝቧ የዘረመል ብዝኃነት እየሳሳ ይሄዳል። ይህ በተበታተኑ የዛፍ ደሴቶች ላይ ደረጃ በደረጃ፣ ጥቂት በጥቂት ሆኖ የሄደ ፍጥረት የሚተወው አሻራ ነው።

መከራከሪያው የሚጸናው ግን ማነጻጸሪያ ሲቆምለት ነው፤ ማነጻጸሪያውም በዚያው በብሪታንያ ይገኛል። ኒውሮተረስ ኳርከስባካረም የተባለችው ተርብ አንዱን ትውልዷን ኩዌርከስ ሮቡር በሚገኝበት በነጭ ኦክ ወገን ቅጠል ሥር፣ ሌላውን በዚያው ዛፍ የወንዴ አበባና ለጋ ቅጠል ላይ ታሳልፋለች። ቢዮራይዛ ፓሊዳም አንዱን ትውልድ በእንቡጥ፣ ሌላውን በሥር ላይ ታሳድጋለች፤ ሁለቱም ትውልድ ግን ከነጭ ኦክ አይወጣም። እነዚህ ሁለቱ በብሪታንያ አገር በቀል ናቸው፤ ማንም ዛፍ አምጥቶ ሳይተክልላቸው ኦኩን ተከትለው ሰሜን ደርሰዋል። አራቱ አንድሪከሶች ማለትም ኳርከስካሊሲስ፣ ኮላሪ፣ ሊግኒኮለስና ኮራፕትሪክስ ግን ቱርክ ኦክ የሚያስፈልጋቸው በመሆኑ በብሪታንያ የሠፈሩት ዛፉ ከተተከለ በኋላ ነው። ነጭ ኦኩ ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ነው፤ አየሩም አንድ ነው። የቡድኖቹን ታሪክ የለየው የሁለተኛው ዛፍ ጉዳይ ነው።

ዛፍ መለወጥ ለምን ይከብዳቸዋል?

አንድ አንባቢ «ሁለተኛው ዛፍ ከሌለ ተርቧ ለምን በሌላ አትተካውም?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ በነገዱ ረጅም ታሪክ ውስጥ ነው። በ2002 በአንድሪከስ ላይ የወጣ የዘር ሐረግ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ተርቦች ከአንዱ የኦክ ወገን ወደ ሌላው የተሻገሩት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በዚያው ወገን ውስጥ ከእንቡጥ ወደ ቅጠል ወይም ወደ ፍሬ መሻገር ግን ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተከስቷል። በ2009 የታተመ ሰፊ ጥናትም ይህ ለአስተናጋጅ ወገን ያላቸው ታማኝነት ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዓመታት እንደዘለቀ ደምድሟል። በአሜሪካም ተመሳሳይ ሥርዓት ይታያል፤ አምፊቦሊፕስ የተባለው የተርብ ቡድን በቀይ ኦኮች፣ ዲስሆልካስፒስ ደግሞ በነጭ ኦኮች ተወስኖ ይኖራል። እባጭ የሚገነባው የዛፉን የዕድገት ሥርዓት በመምራት ስለሆነ ተርቧ የምታውቀው አንድን የአሠራር ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል፤ ዘዬው ቢለያይ ትግባባለች፣ ቋንቋው ሲለወጥ ግን ያቅታታል። ለዚህ ጥሩው ምስክር የአይቤሪያ ልሳነ ምድር ነው። እዚያ ቱርክ ኦክ በተፈጥሮ የለም፤ አንድሪከስ ኮላሪ ግን አለች። ወንድና ሴት ያለውን ትውልዷን የምታሳድገው በቡሽ ዛፍ፣ በኩዌርከስ ሱበር ላይ ነው። ቡሽ ዛፍም የቱርክ ኦክ የወገን ዘመድ ነው። ስለዚህ ዝርያው ቢለወጥም ወገኑ አልተለወጠም። «የዛፍ ዝርያ» ሳይሆን «የዛፍ ወገን» የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአየር ንብረት ነው፦ እነዚህ ተርቦች የደቡብ ፍጥረት ስለሆኑ ሰሜኑን የነፈጋቸው ብርድ ሊሆን ይችላል ይባላል። አየር ንብረት ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ በበረዶ ዘመናት ኦኮቹንም ተርቦቹንም ወደ አይቤሪያ፣ ወደ ጣልያን፣ ወደ ባልካንና ወደ አናቶሊያ መጠለያዎች የገፋቸው እርሱ ነው። ይሁንና ብርዱ ራሱ በቂ ማገጃ ቢሆን ኖሮ ዛፉ መተከሉ ብቻውን በር ባልከፈተ ነበር። አየር ንብረት በዋናነት የሠራው በዛፎቹ በኩል ነው፤ የዛፎቹን ካርታ ሣለ፣ ተርቦቹም በዚያ ካርታ ላይ ተጓዙ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰው እጅ ይነሣል። አንድሪከስ ኮላሪ በ1830 አካባቢ ወደ እንግሊዝ ዴቨን የገባችው ሆን ተብሎ ነው፤ ለቀለምና ለማቅለሚያ የሚሆን ታኒን ከእባጩ ለማግኘት ነበር። የኦክ እባጭ የብረት ጨው ተጨምሮበት ለብዙ መቶ ዘመናት የአውሮፓን የጽሕፈት ቀለም ሰጥቷል፤ የሶርያዋ ሐለብ እባጭም በንግድ ዓለም ስመ ጥር ነበረ። ነጋዴ ሊያመጣት ከቻለ የዛፍ ካርታ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ መድረስንና መሥፈርን መለየት ያስፈልጋል። የሰው እጅ ተርቧን ባሕር ማሻገር ይችላል፤ በየዓመቱ ዑደቷን የሚያስቀጥልላት ግን ዛፍ ነው። ኮላሪ ዴቨን ስትደርስ ቱርክ ኦክ በአገሩ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ጠብቋታል። ከቱርክ ኦክ በራቀ ስፍራ አልፎ አልፎ እባጭ መታየቱም በዚሁ መለያ ይፈታል፤ ቀላል አካሏን ነፋስ ሊወስዳት ይችላል፣ የነፋስ ስጦታ ግን በየዓመቱ ካልታደሰ ዘር አያጸናም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ተርቦቹ የተስፋፉት ጠላቶቻቸውን ትተው ስለመጡ ነው ይላል። እባጭ ውስጥ ገብተው እጩን የሚበሉ ጥገኛ ተርቦች አሉ፤ አዲስ መጤዋ ተርብ መጀመሪያ ላይ ከእነርሱ ጥቃት በከፊል መዳኗ እውነት ነው። ይህ ግን ከገባች በኋላ ስለምትደርስበት ብዛት እንጂ ስለ መግቢያዋ በር አይናገርም። የብሪታንያ ጥገኛ ተርቦችም ከጊዜ ወደ ጊዜ አዲሶቹን እባጮች ማጥቃት ለምደዋል፤ እንግዶቹ ግን ከአገሩ አልጠፉም።

የቼስትነት ተርብ ምስክርነት

አንድ መከራከሪያ ጽኑ መሆኑ የሚታወቀው ተቃራኒው ሁኔታ ሲፈጠር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር ከቻለ ነው። ስርጭትን የሚያግደው የሁለት ዛፎች ግዴታ ከሆነ፣ ግዴታው የሌለባት የዚያው ነገድ አባል በፍጥነት መስፋፋት አለባት። ድራዮኮስመስ ኩሪፊለስ እንዲህ ያለች ናት። የቻይና ተወላጅ ናት፤ የምትኖረው ኦክ ላይ ሳይሆን የኦክ ዘመድ በሆነው ቼስትነት (ካስታኔያ) ላይ ነው። ትውልዷ በዓመት አንድ ነው፤ ሁሉም ሴቶች ስለሆኑ ወንድም ሁለተኛ ዛፍም አያሻቸውም። በ1941 በጃፓን፣ በ1958 በኮሪያ፣ በ1974 በአሜሪካዋ ጆርጂያ፣ በ2002 በጣልያን ፒዬድሞንት፣ በ2015 በእንግሊዝ ታየች። እንቡጡ ውስጥ የተደበቀ እጭ ያለበት አንድ የማዳቀያ ቅርንጫፍ ለመሥፈር ይበቃታል። ኳርከስካሊሲስ ከዛፍ ወደ ዛፍ በመቶ ዓመታት የተጓዘችውን ያህል ይህች በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ክፍለ ዓለማትን አቋርጣለች። ጃፓንም ጣልያንም የተቆጣጠሯት የቻይና ተወላጅ የሆነውን ቶሪመስ ሳይነንሲስ የተባለውን ጥገኛ ተርብ አምጥተው በመልቀቅ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ኦክ ከሌለው አገርም ይደርሳል። የሌላ ቤተሰብ አባል ብትሆንም እባጭ ሠሪ የሆነችው ሌፕቶሲቤ ኢንቬዛ ዛሬ በኢትዮጵያ ቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ትገኛለች። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ተርቧ ደግሞ መቶ ዓመት ያህል ዘግይታ በተዘጋጀላት መንገድ ደረሰች። ስለዚህ ችግኝ ከውጭ የሚያስገባ ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባው ዛፉ ዛሬ ተባይ ይዞ እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ መሬታችን ላይ መቆሙ ነገ የማንን ዑደት እንደሚያሟላ ጭምር ነው። ቱርክ ኦክን በ1735 የተከለው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኛ ግን የአስተናጋጅ ዛፎችን ካርታ ከተርቦቹ ካርታ ጋር አስተያይተን መትከል የሚያስችለን እውቀት አለን፤ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ልንጠቀምበት ይገባል።