ልጅ በራሱ ስም የቁጠባ ደብተር የያዘበት ዘመን



አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ይዞ ወደ ባንክ ሲገባና በስሙ የተጻፈ የቁጠባ ደብተር ተቀብሎ ሲወጣ ብናይ ነገሩ እምብዛም አያስደንቀንም። ይሁን እንጂ ይህ ዕድል እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ብዙዎች የደከሙበት፣ አያሌ ድሆችም ጥሪታቸውን ያጡበት ታሪክ አለው። ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ታሪክ፣ በተለይም በብሪታንያ የተፈጸመውን ነው። የዓመታቱ አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያን ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ በስኮትላንድ የነበሩት ባንኮች የሚያገለግሉት ነጋዴውንና ባለርስቱን ነበር። ከ10 ፓውንድ ያነሰ ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን አይቀበሉም ነበር። እንግዲህ በሰው ቤት የምታገለግል ልጃገረድ ወይም በእርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ጎረምሳ ከደመወዙ ጥቂት ሳንቲም ቢያተርፍ የት ያኖረዋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ነገር ግን እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ የሚጠበቅበት ጎጆ ያስፈልገዋል። ድሃው ያጣው ትጋትን ሳይሆን ይህን ጎጆ ነበር።

ይህን የተገነዘበው ሔንሪ ደንካን የተባለ የሩትዌል መንደር ቄስ ነው። በ1810 ከ6 ፔንስ ጀምሮ የሚቀበል የቁጠባ ባንክ አቋቋመ። ከየሰዉ የተሰበሰበውን ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ በአንድነት ወደ ትልቅ ባንክ በማስገባቱ፣ ለብቻው ቢመጣ ይመለስ የነበረው ገንዘብ ወለድ የሚወልድ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው 151 ፓውንድ ብቻ ቢሆንም ምሳሌነቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላው ብሪታንያ ተዛመተ።

ነገር ግን በሩ ዝቅ ማለቱ ብቻውን አልበቃም። እነዚህ ባንኮች የሚተዳደሩት በየአካባቢው ባሉ የተከበሩ ሰዎች ስለነበር የገንዘቡ ደኅንነት የተመሠረተው በእነርሱ ታማኝነት ላይ ነበር። በ1849 የሮችዴል ከተማ የቁጠባ ባንክ ሒሳብ ሲመረመር፣ ሥራውን ይመራ የነበረው ሰው ከ70 ሺህ ፓውንድ በላይ ማጥፋቱ ታወቀ። መንግሥት ዋስ የሚሆነው ለእርሱ ለደረሰው ገንዘብ ብቻ በመሆኑ በመንገድ የቀረው የድሃው ኪሳራ ሆነ። ለዓመታት ቆጥቦ በአንድ ቀን ባዶ እጁን የቀረ ሰው ልጁን ቆጥብ ብሎ ለመምከር ምን አፍ ይኖረዋል?

ከዚህ በኋላ ነው ቻርልስ ሳይክስ የተባለ የሐደርስፊልድ የባንክ ሠራተኛ በ1859 ለገንዘብ ሚኒስትሩ ለግላድስተን አዲስ ሐሳብ ያቀረበው። ሐሳቡም ፖስታ ቤቶች ገንዘብ ይቀበሉ፣ መንግሥትም ለሙሉው ዋስ ይሁን የሚል ነበር። ሕጉ በ1861 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሥራ ተጀመረ። ከ1 ሺልንግ ጀምሮ ማስቀመጥ ተቻለ፤ ወለዱም ከመቶ ሁለት ተኩል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን 7 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ማስቀመጥና ራሱ ማውጣት እንዲችል ተፈቀደ። የድሃ ልጅ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ በባለገንዘብነት ሰፈረ።

ይሁንና አንድ ሺልንግ 12 ፔንስ ነበረና ለሕፃን ይህም ከባድ ነበር። በ1880 የፖስታ ሚኒስትር የሆነው ሔንሪ ፎሴት መፍትሔ አገኘለት። ይህ ሰው በወጣትነቱ በአደጋ ዓይኖቹ የጠፉ ነበር። በእርሱ ትእዛዝ ፖስታ ቤቶች አንድ ወረቀት በነጻ ማደል ጀመሩ፤ ልጁም አንድ ፔኒ ባገኘ ቁጥር ቴምብር እየገዛ ይለጥፍበታል፤ 12 ቴምብር ሲሞላ ወረቀቱ እንደ አንድ ሺልንግ ተቆጥሮ በሒሳቡ ይገባለታል።

ከባሕሩ ማዶም በቤልጅግ አገር፣ የሕግ መምህሩ ፍራንሷ ሎራን በ1866 በጌንት ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ተማሪው ሳንቲሙን ለአስተማሪው ይሰጣል፤ አንድ ፍራንክ ሲሞላ በተማሪው ስም ደብተር ይወጣለታል።

አድማጮች ሆይ፤ ቁጠባ የደመወዝን ማነስ አይፈውስም፤ የሌለውንም ሰው ቆጥብ ማለት ፌዝ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ወጣቱን ቆጣቢ ያደረገው የምክር ብዛት አልነበረም። በሩ እንደ ቁመቱ ዝቅ ሲል፣ አደራው በታማኝ ዋስ ሲጸና፣ ደብተሩም በራሱ ስም ሲጻፍ ልጁ ሳይገፋ ራሱ መጣ። ስለዚህ ልጄ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ብሎ የሚያማርር ወላጅ፣ ልጁ የራሴ ነው ብሎ የሚቆጥረው፣ ሲያድግም ሲጎድልም በዓይኑ የሚያየው ገንዘብ ኖሮት ያውቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ገንዘብ የተቀበለ ተቋም ሁሉ ደግሞ፣ ሮችዴል እንዳስተማረችው፣ የልጅ ሳንቲም ከባለጸጋ ወርቅ ያላነሰ አደራ መሆኑን አይርሳ።